መጀመሪያ የሰማኋት እኔ ነኝ

ታዋቂ ሰው ያፈራ ከተማ ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም አለበት፤ ታዋቂውን ያላሳደገ ሰው አይገኝበትም። ልጅቷ ስሟ ከመውጣቱ በፊት ዞር ብሎ ያያት ላይኖር ይችላል። ስሟ በራዲዮ በተጠራ ማግስት ግን አጥብቻታለሁ የምትል፣ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ የሚል፣ ከጅብ አፍ ያስጣልኳትስ የሚል ከየጓዳው ይወጣል። እውነት እነዚህ ሁሉ አጉርሰዋት ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ገና በሕፃንነቷ በጥጋብ ትሞት ነበር።

የእኛ የደብረ ታቦር ታዋቂ ትርንጎ ናት። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከገብስና ከድንች አገር ወጥታ አዲስ አበባ የገባች፣ ዛሬ ያለ እሷ ዘፈን ሙሽራ ከቤት አይወጣም የሚባልላት ዘፋኝ። አሳዳጊዎቿን ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ከአሳዳጊዎቹ ሁሉ በላይ በክብር የሚቀመጡ ግን አንድ ሰው አሉ፤ የአገር ጆሮ፣ የድምፅ ሁሉ ቀዳሚ ምስክር፣ ክቡር ጋሽ ባዩ።

ጋሽ ባዩ ረዥም ቀጭን ጡረተኛ ናቸው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው፣ ከዘራቸው ከእጃቸው አይለይም። ከዘራዋ ለመራመጃ ሳትሆን ወሬ ለማስቆሚያ ናት። የትርንጎ ዘፈን በተከፈተበት ሁሉ ይገኛሉ፤ ከዘራዋን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሰው ዝም ይላል፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «መጀመሪያ የሰማኋት እኔ ነኝ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የተቀመጠ አይነሳም፣ የቆመም አይሄድም።

ችግሩ ታሪኩ በተነገረ ቁጥር መልኩን መለወጡ ነው። አንዳንዴ ጋሽ ባዩ ጉናን በበቅሎ ሲሻገሩ ነው ድምጿን የሰሙት። አንዳንዴ በእግራቸው። በባለሥልጣን መኪና ሲያልፉ የሰሙበት ጊዜም አለ፤ ያውም መስኮቱ ተዘግቶ። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ከጭፈራ አስቁመው ይናገራሉ። ሚኒባስ ውስጥ «ሹፌር፣ ከፍ አድርጋት! መጀመሪያ የሰማኋት እኔ ነኝ» ብለው መንገደኛውን ሁሉ ወደ ኋላ ያዞራሉ። እኔ ራሴ አንድ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሟችን ከትርንጎ ጋር ሲያገናኙ ሰምቻለሁ። ሟች ትርንጎን የሰማው ከእሳቸው ቀጥሎ ነው አሉ።

አምና የከተማችን የቴአትር ክበብ የትርንጎን የልጅነት ሕይወት በሙዚቃዊ ቴአትር ላሳይ ብሎ ተነሳ። ትርንጎም በስልክ ስትጠየቅ ሥሩት ብላ መርቃ ፈቀደች። ድርሰቱን እንድጽፍ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ አማርኛ ስለማስተምር ግጥም ከኪሴ የሚወጣ ይመስላቸዋል። አዘጋጁ ታምራት ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ትልቅ ስሕተት ሠራ። አዳራሹ በር ላይ «ትርንጎን በልጅነቷ የሚያውቅ ይምጣ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ።

ሰልፉ አስፋልቱን ተሻገረ። አንዲት እናት ትርንጎን ጡት አጥብቻታለሁ ብለው ሲምሉ ዕድሜያቸውን ብናሰላው ትርንጎ እሳቸውን ብታጠባ ይቀላል። አንዱ የትርንጎ የመጀመሪያ ከበሮ የተሠራው በእኔ በሬ ቆዳ ነው አለ፤ በሬውን ስሙን ጠርቶ አለቀሰለት። ጋሽ ባዩ አልተሰለፉም። በቀጥታ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡና የሚፈልጉትን ባጭሩ ነገሩን፤ አንድ ሰው ትርንጎን መጀመሪያ ሲሰማት የሚያሳይ ትዕይንት እንዲጻፍላቸው ነው። የትኛውን፣ የበቅሎውን ነው የመኪናውን ብዬ ብጠይቃቸው የሚስማማህን ምረጥ አሉኝ። ለአንድ ጆሮ አንድ ሙሉ ትዕይንት መስጠት እንደሚከብድ በትሕትና አስረዳኋቸው። ቅር እያላቸው ወጡ፤ ከማግስቱ ጀምሮ ግን ከልምምድ ቀርተው አያውቁም። የገብስ ነዶ እንዲህ አይታሰርም፣ የጉና ሰው እንዲህ አይራመድም እያሉ ከጥግ ሆነው ያርሙን ነበር።

በዚህ መሐል ትርንጎ በራዲዮ ቃለ መጠይቅ ሰጠች። በደርግ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ የደብረ ታቦር ኪነት ቡድን ዘፋኝ ይመለምላል ሲባል ሰምታ ከጉና በእግሯ እንደወረደች ተናገረች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ዘፈነችለት። የዘፈነችውንም ለጋዜጠኛው አዜመችለት፦

ከጉና ላይ ወርጄ ብርዱን ተሸክሜ፣
ስሙኝ እላለሁኝ ደጃችሁ ላይ ቆሜ።

«እዚህ ላይ ስደርስ ‹ይበቃል፣ ሂጂ› አለኝ» አለች። እሷም ሄደች። አዲስ አበባ እስክትደርስ አልቆመችም። ይህን ስትናገር ትስቅ ነበር፣ ስሙንም አላወቀችው።

ያን ቀን ደብረ ታቦር ጸጥ አለች። ያ ሁሉ አሳዳጊ ድምፁ ጠፋ። ያኔ ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ እነማን ሲፈራረቁ እንደነበር የሚያስታውስ አልተገኘም፤ ከፊሎቹ ሞተዋል፣ ከፊሎቹ አገር ለቀዋል። ከተማው ሲመክር ሰነበተና ጥፋቱን ዘመድ በሌለው በአንድ ሟች ላይ ጫነው። ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ለእኛ ግን ገና መከፈቱ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቶ ይታለፋል? የመጀመሪያው ገቢር እዚያ ላይ እንዲያልቅ ወሰንን፤ ሰውዬው ያባርራታል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ሲከፈት አዲስ አበባ ናት። የትርንጎን ቦታ የያዘችው ዓይናለም ሁለቱን ስንኝ ወዲያው አጠናች። ለዘፈኑ ሌላ ስንኝ አልጨመርኩለትም፤ ትቋረጣለችና ምን ያደርጋል ብዬ።

«ሂጂ» የሚለውን ሰውዬ የሚሠራ ግን ጠፋ። በእኛ አገር መድረክ ላይ ክፉ የሆነ ሰው ከመድረክ ወርዶም ክፉ ነው። ከዚህ ቀደም ጉቦኛ ዳኛ ሆኖ የሠራ ልጅ እስከ ዛሬ ገበያ ሲወጣ «ጉቦኛው መጣ» ይባላል፤ እጮኛውንም አባቷ ከለከሉት ይባላል። ትርንጎን ያባረረማ ምን ሊባል ነው? ታምራት ያልለመነው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ከጥግ ከዘራ ተነሳች።

«ሰውዬውን እኔ እሠራዋለሁ» አሉ ጋሽ ባዩ።

እኔ በልቤ ሳቅሁ። መድረክ ላይ ለመውጣት ምክንያት አጡና ይህን አገኙ ብዬ ነበር። ታምራት በበኩሉ ሰውዬው እንዲጮህ፣ ጠረጴዛ እንዲደበድብ ፈልጎ ነበር። ጋሽ ባዩ አሻፈረኝ አሉ። ሰውዬው አልጮኸም አሉት። ከየት አወቁ ቢላቸው፣ ምን ያስጮኸዋል አሉ፤ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ሰውዬው እጁ ላይ ያለውን ወረቀት እያየ ነው። «ቀና ብሎም አላያት» አሉ። ታምራት ለገጸ ባሕርዩ እንዲህ የተጨነቀ ተዋናይ አይቼ አላውቅም ብሎ ተደሰተ። እኔን ግን ሳቄ ጥሎኝ ሄደ።

ያን ቀን ከልምምድ ስንወጣ ባጃጅ አጣንና በእግራችን ወረድን። መንገድ ላይ ጋሽ ባዩ ቆም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ የሰማኋት እኔ ነኝ ስል ትስቃለህ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ፣ ጋሼ።»

«ሳቅ፣ ግዴለም። ግን ውሸቴን አይደለም። መጀመሪያ የሰማኋት እኔ ነኝ። ግማሹን። ካሴቷ የወጣ ለት በድምጿ ለየኋት። ፊቷንማ መች አየሁት።»

ያ ሁሉ በቅሎ፣ ያ ሁሉ መኪና ያቺን ጠረጴዛ ለመሸፈን እንደነበር ያኔ ገባኝ። አንጀቴን በሉት። ለታምራት እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

ቴአትሩ በቡሄ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ታየ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ትርንጎን ያሳደጉት ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ዝናቡም እንደ አመሉ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ትዕይንቱ ደረሰ። ጋሽ ባዩ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ወረቀት ይዘው ጠረጴዛው ጀርባ ተቀመጡ። ዓይናለም በባዶ እግሯ ገባችና ሁለቱን ስንኝ አዜመች። አሁን «ይበቃል፣ ሂጂ» ማለት የእሳቸው ነው።

ጋሽ ባዩ ወረቀቱን አስቀመጡት። ቀና ብለው አዩዋት።

ዓይናለም ጠበቀች። ሕዝቡ ጠበቀ። ታምራት ከመጋረጃ ጀርባ «ይበቃል ይበሉ፣ ጋሼ፣ ይበቃል ይበሉ» እያለ ሊሞት ደርሷል።

«ጨርሺው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ባዩ።

ልጅቷ ምኑን ትጨርስ? ወደ እኔ ዞረች። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤ የምሰጣት አልነበረኝም። ሁለቱን ስንኝ እንደገና ጀመረች። አሁንም እንደገና። መሲንቆ የያዘው ልጅ ተከተላት፣ ቀጥሎ ሕዝቡ በጭብጨባ ያዛት፣ አዳራሹ በሙሉ «ስሙኝ እላለሁኝ» ይል ጀመር። ሰው ሁሉ ተደስቶ ነበር። ጋሽ ባዩ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ሦስተኛውን ስንኝ ይጠብቁ ነበር። አልመጣም። ታምራት መጋረጃውን ዘጋው።

ሁለተኛው ገቢር ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። መጋረጃው ሲከፈት ትርንጎ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ቆማ ታለቅሳለች። ፊት ወንበር ላይ ያሉት፣ ጡት አጥብቻታለሁ ያሉት እናት፣ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው «ወድደዋት የለም እንዴ? ለምን ሄደች?» ብለው ጠየቁ። ታምራት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ባዩን አላነጋገራቸውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጠረጴዛው ጀርባ እሱ ራሱ ተቀመጠና ከልቡ ጮኸ።

ጋሽ ባዩ አልተቀየሙም። እኔን ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው አንድ ነገር ለመኑኝ። የዘፈኑ ቀሪ ከትርንጎ ዘንድ እንዳለ፣ እኔም ስልኳን እንደማውቅ፣ እንድጠይቅላቸው። የሚጠይቀው ማን እንደሆነ እንዳልናገርም አስማሉኝ።

ደወልኩ። ትርንጎ ራሷ አነሳችው። ደግ ሰው ናት፤ የቴአትሩን ነገር እየሳቀች ሰማችኝ። ቀሪውን ስጠይቃት ግን ሳቋን አቆመች።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፍኜው አላውቅም» አለችኝ። «ስንት ጊዜ ላስታውስ ሞክሬ... የለም። ጠፍቶብኛል።»

ይህን ይዤ ወደ ጋሽ ባዩ ቤት መሄድ ከበደኝ። ሳልሄድ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ስሄድ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ከዘራዋን ይዘው ተነሱ። ያን ፊታቸውን አይቼ እውነቱን ማውጣት አልቻልኩም። መንገድ ላይ ሳሰላስል የመጣሁትን ውሸት ተናገርኩ።

«አነጋገርኳት፣ ጋሼ። ዘፈኑ ያው ሁለት ስንኝ ብቻ ነበር አለችኝ። አንቱ ሲያስቆሟት ጨርሳ ነበር። ሙሉውን ሰምተዋታል።»

ጋሽ ባዩ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «አይደለም ግን። ትንፋሽ ስባ ነበር፤ ሰምቻታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ «መጀመሪያ የሰማኋት እኔ ነኝ» የምትለዋን ንግግራቸውን ከአፋቸው የሰማ የለም። ሰርጉ ሳይቋረጥ ይጨፈራል፣ ለቅሶውም ያለ ትርንጎ ይለቀሳል። ተገላገልን የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ግን ከበቅሎው እስከ መኪናው፣ ያ ቅጥፈታቸው በጣም ናፈቀኝ። ከተማው ቀዘቀዘብኝ።

በቀደም መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ባሕር ዳር ለመሄድ ሚኒባስ ስገባ ጋሽ ባዩ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወረታን እንዳለፍን ሹፌሩ የትርንጎን ዘፈን ከፈተ። ከዘራዋን አየኋት፤ አልተነሳችም። ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። አላስችል አለኝ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ራሴ ጀመርኩት።

«ሹፌር፣ ከፍ አድርጋት! መጀመሪያ የሰሟት እኚህ—»

ጋሽ ባዩ እጄን ያዙኝ።

«ዝም በል፣ ልጄ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ። «ትጨርስ።»