ስምንተኛው ሸሚዝ

ለፋብሪካ ከእሳት ቀጥሎ አደገኛው ነገር ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አትሳቁ። እሳት ቢያንስ ሲነሳ ጭሱ ይታያል፤ እኔ ግን ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ለጥበቃው ሰላምታ ሰጥቼ፣ በዋናው በር ነው የገባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሰናይት እዚሁ ድሬዳዋ አንድ ሸሚዝ የሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። የተሰፋውን እየገለበጠች ስፌቱ የዘለለውን፣ ቁልፉ የላላውን ትለያለች። እኔም ጡረታ እስክወጣ የኖርኩበት ሙያ ነው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም አልተውኩትም። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ኮሌታው ተጣሞ ከተሰፋ ከዚራ ሰፈር እስክደርስ ድረስ አያስችለኝም፣ እነግረዋለሁ። ለቅሶ ቤት የሟችን ወንድም እጅጌ ገልብጬ አይቻለሁ። "ሐዘኑ ነው" ብለው አለፉኝ።

ባለፈው ወር ሰናይት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ካሜራ ያለው ማሽን ተተክሏል። ሸሚዙ በሥሩ ሲያልፍ እንከን ካየ ቀይ መብራት ያበራል። ከእንግዲህ ስድስቱ ተቆጣጣሪዎች አያስፈልጉም፤ እንከን የተገኘበት ሸሚዝም በኮንትራት ከከተማ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ላለ ሌላ ድርጅት ተልኮ እዚያ ይጠገናል።

"ተወዳድራችሁ ተሸንፋችሁ ነው?" አልኳት።

"ከማን ጋር?"

"ከማሽኑ ጋር ነዋ።"

"እማዬ፣ ከማሽን ጋር ማን ይወዳደራል?"

"እኔ" አልኳት። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ድፍረቱ ብዙ ነው።

በማግስቱ ሄድኩ። ጥበቃው ጋሽ ሙሜ ያውቀኛል። "እትዬ ዘነበች፣ ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው አቦ?" አለኝ።

"ከማሽኑ ጋር።"

"ወላሂ ማሽኑ አሳዘነኝ" ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ማሽኑን የሚያሠራው መሐንዲስ ያሲን የሚባል ጨዋ ሰው ነው። "እማማ፣ ውሳኔው የኔ አይደለም" አለኝ።

"ውሳኔ አልጠየቅኩህም። ሰው ከሥራው የሚነሳው የሚበልጠው ሲገኝ ነው። ይብለጠንና እንነሳ። አሥር ሸሚዝ አምጣ።"

ምን እንደነካው አላውቅም፣ አመጣ። በየሸሚዙ አንድ አንድ እንከን እንዳለ በወረቀት ይዞታል። መጀመሪያ እኔ አሥሩንም አይቼ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ እነዚያው ሸሚዞች በማሽኑ ሥር ያልፋሉ። ሥራ አስኪያጁም ወሬውን ሰምቶ መጣ። "ማሽኑ ከተሸነፈ ወደ መጣበት እንመልሰዋለን" አለ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ግን ብሏል። ስድስቱ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። ግድ የለም፣ እንከን የሚገኘው በጣት ነው። አሥሩንም አገኘሁ። ስምንተኛው ላይ ስንደርስ ያሲን ስልክ ተደውሎለት ዘወር አለ፤ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

የማሽኑ ተራ ደረሰ። ቀይ... ቀይ... ቀይ... ሰባት ጊዜ በራ። ስምንተኛውን ሸሚዝ ግን ዝም ብሎ አሳለፈው።

ዘጠነኛውና አሥረኛው ላይ እንደገና በራ። አሥር ለዘጠኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሰናይት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ያሲን ማሽኑን አጥፍቶ አበራው፤ ስምንተኛውን ደግሞ አሳለፈው፤ አሁንም ዝም። እኔማ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሐውልት የሚቆምልኝን ቦታ በልቤ እየመረጥኩ ነበር።

እንከኑን ላሳያቸው እጅጌውን ገለበጥኩት። የዘለለው ስፌት የለም። በቦታው፣ ከውስጥ በኩል፣ ሁለቴ ዞራ የታሰረች ትንሽ ቋጠሮ አለች። አወቅኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ያሰርኳት ቋጠሮ ናት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ጊዜ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ሴት እጇ እስኪፍታታ ድረስ ስፌቷ ይዘላል። እኛ ተቆጣጣሪዎቹ አናስመዘግብባትም ነበር። መርፌ ከነክሩ ሻሻችን ላይ ሰክተን እንውላለን፤ አለቃው ዘወር ሲል ወጋ ወጋ አድርገን እናሳልፍላታለን። ያሲን ለስልኩ ዘወር ሲል፣ እጄ እኔን ሳያማክር ከሻሼ መርፌ ነቅሎ የለመደውን ሠርቷል።

ማሽኑ ምን አጠፋ? ደህና ሸሚዝ ነው ያሳለፈው።

ዝም ልበል አልኩ። ስድስት ሴት ማለት ስድስት ቤት ነው። ማንም አላየኝም። ግን ሥራ አስኪያጁ ያሲንን "ይሄን ነው አስተማማኝ ያልከኝ?" እያለ በሰው ፊት ያፋጥጠዋል፤ ያሲን ደግሞ ላቡ ይንጠባጠባል። ያላጠፋ ሰው ሲወቀስ ማየት አልችልም። በሽታዬ ነው።

"ማሽኑ ልክ ነው" አልኩ። "ስምንተኛውን እኔ ጠግኜዋለሁ።"

ሰናይት እጇን ከአንገቴ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። "እማዬ፣ ማሽኑ እንኳ ዝም ብሎ ነበር እኮ" አለችኝ።

ያሲን ሸሚዙን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ገለበጠው፣ ወጠረው። "የቱ ጋ ነው?" ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠው። እሱም አላገኘውም።

"ምን ያህል ጊዜ ፈጀብዎት?" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

"እሱ ሄሎ ሲል ጀመርኩ፣ ቻው ሲል ጨረስኩ።"

"እነዚህስ ይችላሉ?"

"ሰናይትን እኔ አስተማርኩ፤ ሌሎቹን እሷ።"

ሸሚዙን እያገላበጠ ቆየና መልካ ጀብዱ መላኩ እንደሚቀር ተናገረ። ከማሽኑ ጎን ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሦስት ሴቶች ለጥገና ቀሩ። ሰናይት አንዷ ናት። ሌሎቹ ሦስቱ "እንጠራችኋለን" ተብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰናይት ደስ ይበልሽ አለችኝ። ደስ አላለኝም። ሦስቱን ከሦስቱ ማን ለየ? በምን መዘነ? ሰኞ ይህንኑ ልጠይቅ ተመልሼ ሄድኩ። ጋሽ ሙሜ በሩ ላይ መዳፉን ዘረጋ።

"መታወቂያ?" አልኩት።

"መታወቂያው ይቅር። መርፌዋን። ትእዛዝ ነው አቦ።"

ከሻሼ ላይ ነቅዬ ሰጠሁትና ገባሁ። ሦስት እርምጃ ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ተመልሼ ሁለተኛዋንም ሰጠሁት። ምን ላድርግ... በሽታዬ ነው አልኳችሁ።