የፀሐይ ሆድና የእናቴ ሆድ

የሰው ሆድ አይታወቅም ትላላችሁ፤ የፀሐይንስ ሆድ ማን ገብቶ አየው? ማንም። ያም ሆኖ ሊቃውንቱ ከሩቅ ሆነው ያውቁታል። ውስጧ ሲንተከተክ ድምፅ ይፈጠራል። ድምፁ ባዶውን ሕዋ ተሻግሮ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ እዚያው ሆዷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ግን ገጿን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያንቀጠቅጠዋል። እነሱም ያችን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ ይለኩና፣ ድምፁ የት እንደፈጠነ የት እንዳዘገመ አስልተው የውስጧን ግለት ይደርሱበታል። ላሊበላ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር፣ ይህን እኔ ያገኘሁት ይመስል ደረቴን እነፋለሁ።

እናቴ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ኩልመስክ ብቻዋን ናት። ስደውልላት ደህንነቷን የምትነግረኝ ከላሟ ጀምራ፣ በገብሱ አልፋ፣ በጎረቤት ዶሮ በኩል ዞራ ነው። ብትታመምም ያው ነው፤ እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ባለፈው ግን «ደህና ነኝ» ብላ ብቻ ዘጋችው። ላሟ የለች፣ ገብሱ የለ። ይሄኔ የፀሐይ ገጽ ተንቀጠቀጠ አልኩ።

በማግሥቱ ሳይነጋ መኪና ለምኜ ገሰገስኩ። ታማ ከሆነ ያግዙኛል ብዬም እዚያው ኩልመስክ ያሉ ሁለት የአጎቴን ልጆች ቀሰቀስኩ። ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበን፣ ጎሕ ሲቀድ ደጇ ላይ ቆምን። እስቲ አስቡት! ባገራችን እንዲህ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። የፀሐይን ሆድ አውቃለሁ ባዩ ይህን ረሳሁት።

እናቴ በሩን ከፈተች፤ አየችን፤ ነጠላዋን ወርውራ ጮኸች።

«ማንን ልታረዱኝ መጣችሁ? እኅትህን ነው?»

«አብሽሪ እትዬ፣ ማንም አልሞተ» አሉ የአጎቴ ልጆች። ማን ሊያምናቸው? መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ እንዲሁ ነው የሚለው። ጎረቤቱ እያለቀሰ ደረሰ። ጋሸና ወዳለችው እኅቴ ደውዬ ድምፅዋን ካሰማኋት በኋላ ነው እናቴ የተቀመጠችው።

«ታዲያ ትናንት ምነው በአንድ ቃል ዘጋሽብኝ?»

«ላሟ ገብስ ውስጥ ገብታብኝ ነዋ!»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ሳቀችና መልሳ ማልቀስ ጀመረች። አሁን ደግሞ ለማን ነው ብዬ ግራ ገባኝ። እጄን ያዘችው።

«ደህና አይደለሁም ልጄ። አባትህ ከሄደ ወዲህ ቤቱ አስፈራኝ።»

አብሬያት አለቀስኩ። ጎረቤቶቻችንም ለለቅሶ ከመጡ አይቀር ብለው እስከ ቀትር አብረውን ተቀመጡ።

ሊቃውንቱ ፀሐይን የሚያጠኗት እኮ ሳያቋርጡ ነው፤ ካንዱ አገር ስትጠልቅ የሌላው አገር መሣሪያ ይቀበላታል። እናቴም ዛሬ ዛሬ ስደውል የላሟንና የገብሱን ወሬ ጨርሳ ዝም ትላለች። እኔም ስልኩን አልዘጋም።