ዶክተር ኩዜና የማቀዝቀዣው ነዋሪዎች

ሕዋስ በሚጠናበት ቤት ሁሉ፣ ከሰው ይልቅ ከብልቃጥ ጋር የሚግባባ አንድ ሰው አይጠፋም። ተማሪ ነው እንዳይባል ፀጉሩ ሸብቷል፤ መምህር ነው እንዳይባል ወንበር የለውም። የዶክትሬት ማዕረጉን ተሸክሞ፣ ኮንትራቴ ይታደስ ይሆን እያለ፣ የሩዝ ጉርሻውን ኮሪደር ላይ ቆሞ ይውጣል። እኔ የናሙና ጠባቂ በሆንኩበት በኦሳካው ቤተ ሙከራ ይህን ዙፋን የያዙት ክቡር ዶክተር ኩዜ ሞቶሃሩ ናቸው።

ክቡርነታቸው የሚመረምሩት የሰውነትን ዘበኞች ነው፤ ከበሽታ ሊጠብቁ ተቀጥረው፣ አንድ ቀን የቤቱን ባለቤት "ሌባ ነህ" ብለው የሚነሡበትን ሕዋሳት። ከሕመምተኞች ደም ተለይተው በብልቃጥ ይቀዘቅዛሉ። ዶክተር ኩዜ ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ ጎንበስ ብለው "ይቅርታ፣ ሙቀት አስገባሁባችሁ" ይላሉ። ሲዘጉም "በሉ እረፉ" ብለው ይሰናበታሉ።

አንድ ማለዳ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉና ጆሯቸውን ወደ ብረቱ አዘነበሉ።

"እዚህ ውስጥ ያልተመቸው ሰው አለ።"

"ሰው የለም፣ ዶክተር። ብልቃጥ ነው ያለው" አልኳቸው። ልክ ያልሆነ ነገር ሲነገር ዝም ማለት አልችልም።

ከሰዓት በኋላ የማቀዝቀዣው ሞተር ቀጥ አለ። ናሙናዎቹን ተሯሩጠን ወደ ሌላው ስናሸሽ "ብያችሁ ነበር" እንኳ አላሉም።

የቤቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሂሩማ ደግሞ አንድ ቀን ሊያፌዙባቸው ብለው፣ ሕዋስ የሚያድግባቸውን ሁለት ሳህኖች መለያ አቀያየሩባቸው። ዶክተር ኩዜ ወደ ማይክሮስኮፑ አጎነበሱ፤ ወዲያው ቀና አሉ።

"በሴትዮዪቱ ቦታ ማን ተቀመጠ?"

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ስሟ ለተመራማሪዎቹ ስለማይነገር "ሴትዮዪቱ" የሚሏት ሕመምተኛ ታናሽ እህቴ ቶዋኮ ናት። ደሟን ስትሰጥ እጇን ይዤ ነበር። ሉፐስ የሚሉት ይህ የዘበኞች አመፅ ኩላሊቷን ጨርሶ በፀደይ ሞተች። የገደሏትም፣ ከእርሷ በሕይወት የቀሩትም እነዚሁ ሕዋሳት ናቸው። ይህን ለማንም መናገር በሥራዬ ክልክል ነው፤ አልተናገርኩምም።

ዶክተር ኩዜ ግን ሳያውቁ ስለ እህቴ ያወሩኛል። "ይህች ሴትዮ ኩርፊያዋ አይጣል ነው፣ ወይዘሮ ናጋሴ። አዲስ ሳህን ውስጥ ስትገባ ማንንም አትጠጋም። ተስፋ ቆርጬ ልደፋት ስል፣ ድንገት ቤቱን ሁሉ ትሞላዋለች።" ቶዋኮ አዲስ ትምህርት ቤት በገባች ቁጥር እንዲሁ ነበረች። እሳቸው ሲያወሩ ጀርባዬን ይበርደኛል፤ ግን እንዲያቆሙ አልፈልግም።

ቅጠል ሲረግፍ ፕሮፌሰሩ አዘዙ። "የሴትዮዪቱ የመጨረሻ ብልቃጥ ትቅለጥ። ከዚህም ውጤት ካልወጣ፣ ኩዜ፣ መጋቢት ላይ እንሰነባበታለን።"

ብልቃጧን አውጥቼ የማስረክበው እኔ ነኝ። ሙከራው ሲያልቅ ከቶዋኮ በዚህ ምድር የሚተነፍስ ነገር አይኖርም። "መዝገቡን ላጣራ" አልኩ። በማግስቱም "እያጣራሁ ነው" አልኩ።

"አንዲት ብልቃጥ ማጣራት ይህን ያህል ምንድን ነው?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"አይቸኩሉ፣ ፕሮፌሰር" አሉ ዶክተር ኩዜ። "ሴትዮዪቱ ገና አልተዘጋጀች ይሆናል።" እንጀራቸው የተንጠለጠለው በዚያች ብልቃጥ መሆኑን የረሱት ይመስሉ ነበር።

በዚያው ሳምንት የአይጦቹ መታሰቢያ ዋለ። በየዓመቱ ለሙከራ የሞቱት አይጦች ይታሰባሉ፤ ከፕሮፌሰር እስከ ጠራጊ ጥቁር ለብሶ፣ ግቢው ውስጥ በቆመላቸው ድንጋይ ፊት ነጭ አበባ ያኖራል። ዶክተር ኩዜ ተራቸው ሲደርስ ሁለት አበባ አኖሩ።

"ኩዜ፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የአይጥ ድንጋይ ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ። ሴትዮዪቱም የእነሱን ያህል ሠርታልናለች። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጧታል።" አንገታቸውን ደፉ። "የሚናፍቃት ሰው አታጣም መቼም። ሳልሰናበታት እንዴት ልጨርሳት?"

ከሥነ ሥርዓቱ ስንመለስ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ብልቃጧን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ጥቂት ቀናት አልፈው ጠሩኝ። "አኩርፋ ነበር፤ ዛሬ ተነሥታለች። ያዩአታል?"

ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጡኝ። በብርሃኑ ክብ ውስጥ ትንንሽ ሕዋሳት እንደ ወይን ዘለላ ተሰባስበው ይላወሱ ነበር። አንዷ ተነጥላ ዳር ዳሩን ትዞራለች።

"ውጤቱስ?" አልኩ፣ ዓይኔን ሳላነሣ።

"ገና ነው። ምናልባት መጋቢት ይቀድመኝ ይሆናል።"

ከዚያ በኋላ ቀና ማለት አልቻልኩም። ዶክተር ኩዜ ምን ሆነዋል አላሉኝም።

"እኔ ብርጭቆ ማጠብ አለብኝ" አሉ። "የዚህ ቧንቧ ጩኸት ደግሞ ያደነቁራል። ሰው ቢያወራ አይሰማኝም።"

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ለቶዋኮ የነገርኳት የእኔና የእርሷ ነው። ብርጭቆዎቹ ግን ጠዋት ታጥበው፣ ደርቀው የተደረደሩ ነበሩ። ክቡር ዶክተር ኩዜ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ እኔ ተናግሬ እስክጨርስ ድረስ፣ ንጹሑን አንድ በአንድ እያነሡ አጠቡት።