ሽማግሌ የተላከለት ኮምፒዩተር

እኛ ሰዎች ያከበርነውን ነገር ማልበስ እንወዳለን። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሳሎናችን ውስጥ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፤ ፍሪጁ አናቱ ላይ ዳንቴል ይደፋል፤ ሶፋው ክንዱም ጀርባውም ተሸፍኖ፣ የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ አንዱን ጨርቅ ሱሪው ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሪሞት ኮንትሮል እንኳ ከነላስቲኩ አርጅቶ ከነላስቲኩ ይጣላል። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ሁላችሁም እንደምታወጡ አውቃለሁ። አይዟችሁ፣ አልታዘባችሁም። በእኔ ቤት ኮምፒዩተር ለብሶ ኖሯል።

ኮምፒዩተሩን ያገኘሁት ከመሥሪያ ቤቴ አሮጌ ዕቃ ሲወገድ ነው። መዝገብ ቤት ስሠራ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረ፣ እጄን የሚያውቅ፣ ፔንቲየም ስሪ የሚባል ማሽን ነው። ሲወለድ ነጭ ነበር፤ አሁን ሻይ በወተት ሆኗል። ሞኒተሩ እንደ ዛሬዎቹ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን አይደለም፤ ጀርባው ወደ ኋላ የረዘመ፣ ሁለት ሰው የሚያሸክም ነው። ባለቤቴ ብርቄ ገና ቤት የገባ ቀን በክብር ተቀብላው ሦስት ዳንቴል ሠራችለት፤ አንዱ ለሞኒተሩ፣ አንዱ ለሣጥኑ፣ አንዱ ለኪቦርዱ። እንደዚያ ለብሶ ጥቂት ወራት ሠራ። ከዚያ በተከፈተ በአምስት ደቂቃው ድርግም ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎም የሚከፍተው ጠፋ፤ ዓመታት አለፉ። ዳንቴሉ ግን በየፋሲካው ይታጠብ ነበር።

አሁን የልደታን ኮንዶሚኒየም የምታውቁ ሰዎች የሚመጣውን ነገር ገምታችኋል። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኑ ሶፋ ካስገባ ሰው፣ ሰው ካስገባ ሶፋ የማያስገባ ቤት ውስጥ ነው። ልጃችን ሕሊና ያገባኛል ያለችው ልጅ ሽማግሌ እንደሚልክ በተነገረን ሰኞ፣ ብርቄ ሳሎኑ መሐል ቆማ ዓይኗን ከግድግዳ ግድግዳ አዞረችና ኮምፒዩተሬ ላይ አሳረፈችው።

«እሑድ ሦስት ሽማግሌ ይገባል» አለች። «ሦስቱ የት ይቁሙ? ይሄ ሬሳ ይውጣልኝ።»

«የት ይውጣ?»

«ልዋጩን አነጋግሬዋለሁ። ትልቅ ሳፋ እሰጣለሁ ብሏል።»

ሳፋ! ልዋጭ እያለ በየብሎኩ የሚዞረውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ አሮጌ ጫማና ያለቀ ጃኬት ወስዶ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጠውን። ስንት ዓመት የሠራሁበት ማሽን በልብስ ማጠቢያ ሊለወጥ! ደሜ ፈላ። ግን ንዴት ብቻ አልነበረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። እኔም እኮ ጡረታ ወጥቼ እዚያው ሳሎን ጥግ ላይ የተቀመጥኩ፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብስ ተገልጦልኝ የምነሳ፣ ቀኑን ሙሉ አንድም ነገር የማልሠራ ሰው ነኝ። ዛሬ ኮምፒዩተሩ በሳፋ ከሄደ፣ ነገ በጆግ የሚሄደው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ሒሳብ አይጠይቅም። ቀጠሮ ለመንኩ። ብርቄም እስከ ቅዳሜ ማታ ሰጠችኝ፤ ከሠራ ይቀመጣል፣ ካልሠራ ሰኞ ጠዋት ልዋጭ።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስቱንም ዳንቴል አወለቅሁና የሣጥኑን ጎን ፈታሁ። ውስጡን ሳይ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ገባኝ። ማራገቢያው አይታይም። ብናኝና የዳንቴል ክር ተቃቅፈው ጥቅጥቅ ያለ ጥጥ ሆነው ደፍነውታል። ማሽኑ እኮ አልታመመም ነበር፤ ታፍኖ ነው! ሙቀቱን የሚያወጣበት ቀዳዳ ሁሉ በአበባ ጥልፍ ተሸፍኖለት፣ በጋለ ቁጥር ራሱን እያጠፋ ነፍሱን አተረፈ እንጂ። ከክብር ብዛት ሊሞት ምንም አልቀረው። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ብርቄ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አዲስ ዳንቴል እየሠራች ነበር።

በቀለም ቅብ ብሩሽ ጠረግሁት፤ ብርቄም የወጣውን የዳንቴል ክር በመነጽሯ ሥር ሰረቅ አድርጋ አየችው። ሜሞሪውን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸሁት። ቦርዱ ላይ ያለችው ድቡልቡል ባትሪ ስላለቀች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ዕድሜውን ይረሳል፤ ስለዚህ አብነት ሰፈር ወርጄ የሰዓት ጠጋኙን ለመንኩት፤ እሱም ከመሳቢያው አንዷን አውጥቶ ሰጠኝ። ስመለስ መብራት ጠፍቷል። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኔ የተፈታ ኮምፒዩተር አቅፌ፣ ብርቄ ዳንቴሏን ይዛ፣ መብራት ጠበቅን። ውጭ ልዋጩ ሁለት ጊዜ አለፈ። ሁለት ጊዜም ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ።

መብራት ሲመጣ ሲዲውን አወጣሁ። ይህን ሲዲ ድሮ የመሥሪያ ቤታችን ቴክኒሺያን አባዝቶ ሲሰጠኝ፣ ላዩ ላይ በማርከር «ሊኑክስ፣ እንዳይጠፋ» ብሎ ጽፎበት ነበር። ሊኑክስ ለማታውቁት፣ ለኮምፒዩተር ነፍስ የሚዘራ ፕሮግራም ነው፤ ማንም ወስዶ ቢጠቀምበት፣ ለጎረቤቱ ቢያባዛው የሚቆጣ የለም። አሮጌ ማሽን አይንቅም። እኔም የወደድኩት ለዚህ ነው። ከውስጡ ደግሞ ጨዋታዎች አሉ፤ ከሁሉም አንድ ፔንግዊን በሆዱ ተኝቶ ከበረዶ ተራራ ላይ ዓሣ እየለቀመ የሚንሸራተትበት ጨዋታ አለ። በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤቱ ሁሉ ወንበሬን ከቦ ይወዳደርበት ነበር። መኩራራት አይሁንብኝና፣ የሚያሸንፈኝ አልነበረም።

ማሽኑ ተነሳ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አልጠፋም። አሥር ደቂቃ፤ አልጠፋም። ሊኑክሱ ተጫነ። ጨዋታውን ከፈትኩት። ተራራው መጣ፣ በረዶው መጣ፣ ፔንግዊኑም መጣና አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። አሰበ። ሌላ እርምጃ ሄደ። እንደገና አሰበ። ብርቄ መነጽሯን አስተካክላ ተመለከተችው።

«ይሄ ዳክዬ አሞታል እንዴ?» አለች።

ተስፋዬ እዚያው ላይ ተቆረጠ ማለት ይቻላል። ግን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር አይጠፋበትም፤ ማስታወሻ። ሲዲው መያዣ ውስጥ ያ ቴክኒሺያን የጻፈልኝ ብጣሽ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። የስክሪኑ ካርድ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ የቀለሙን መጠን ከሃያ አራት ወደ አሥራ ስድስት አውርድለት፣ ሸክሙ ቀሎት ይሮጣል ይላል። የምትለወጠው አንዲት መስመር ናት። ሃያ አራትን አጠፋሁ፣ አሥራ ስድስት ጻፍኩ፣ እንደገና አስነሳሁት። በሉ እንግዲህ ስሙ! ያ የታመመ ዳክዬ ከተራራው አናት ላይ ተወረወረ! በረዶውን እየሰነጠቀ፣ ዓሣውን እየለቀመ፣ ገደሉን እየዘለለ ቁልቁል ሲምዘገዘግ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ጮህኩ። ከጎኔም ሌላ ጩኸት ሰማሁ።

«ዛፉን! ዛፉን! ኧረ ዛፉን ተጠንቀቅ!»

ብርቄ ናት። ዳንቴሏ መሬት ወድቋል። ፔንግዊኑ በሰላም ከገባ በኋላ ወደ ራሷ ተመለሰችና ቀሚሷን አስተካክላ፣ «እሺ፣ ሠርቷል» አለች። «ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ካሳፈረኝ ግን የሰኞው ልዋጭ እንዳለ ነው።»

እሑድ ጠዋት ብርቄ መመሪያ ሰጠችኝ። ዛሬ እሺ እንዳትል። ልጅ እንደ ትኩስ ዳቦ ከመስኮት አትሰጥም። ዘመድ እናማክር በል፣ ቀጠሮ ስጥ፣ ሁለት ሦስቴ ይመላለሱ። እኔም በሐሳቧ ተስማማሁ። የተስማማሁት ግን ኮምፒዩተሩን ሳላጠፋ ነው፤ አንድ ዙር ብቻ ብዬ ጀምሬ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ለማጥፋት ጊዜ አልነበረም። ብርቄ አዲሱን ዳንቴል ብድግ አድርጋ እንደበራ ስክሪኑ ላይ ጣለችበት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የሚናገሩት ታላቃቸው፣ የልጁ አጎት ጋሽ ዘርጋው ናቸው፤ የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሰው፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ከባድ፣ እሳቸውም እንደኔ የመንግሥት ጡረተኛ። ቁጭ በሉ ብንል፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው፤ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ብርቄ በዓይኗ «በርታ» አለችኝ። ሕሊና መኝታ ቤቱ በር ሥር ትንፋሿን ውጣ ትሰማለች።

ጋሽ ዘርጋው ስለ ልጁ ጨዋነት ተናገሩ። ስለ ቤተሰቡ ተናገሩ። «እንግዲህ አቶ መኮንን፣ ልጅዎን ለልጃችን…» ሊሉ ሲጀምሩ ከዳንቴሉ ሥር ሙዚቃ ተነሳ። ያ የበረዶ ተራራ ሙዚቃ፣ ቲሪሪም ቲሪሪም እያለ! ብርቄ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ሳፋው ታየኝ፤ ቀለሙ ሳይቀር ታየኝ። ጋሽ ዘርጋው ንግግራቸውን አቋረጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጥጉ ሄዱ፤ ዳንቴሉንም በሁለት ጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

«አቶ መኮንን» አሉ፤ ያ ከባድ ድምፅ የት እንደሄደ እንጃ፣ «ፔንቲየም ስሪ ነው?»

«ነው» አልኩ።

«እንዲህ የሚሮጠው በስንት ቀለም ነው?»

«በአሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት!» አሉና ግንባራቸውን መቱ። «እኔ እኮ በሃያ አራት ስታገል ኖርኩ!» ይህን እያሉ ዳንቴሉን ለብርቄ አስይዘው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ፔንግዊኑም ተወረወረ።

መጀመሪያ ያስተዋለው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ታናሹ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሽ ዘርጋው» አለ በቀስታ፣ «ተቀመጡ እኮ።» ጋሽ ዘርጋው ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ደረቁ። ቢነሱ፣ የተቀመጠ ሽማግሌ ተነሳ ሊባል ነው፤ ለልጆቹም ጥሩ ምልክት አይደለም። ባይነሱ፣ እሺ ሳይባሉ መቀመጣቸው ነው። ፔንግዊኑ በዚህ መሐል ዛፍ ገጨ። እኔ ብርቄን አየሁ፤ ብርቄ እኔን አየች። የሁለት ሦስት ቀጠሮ ዕቅዳችን ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ድምፄ ሞልቶ ወጥቶ አያውቅም።

«ሽማግሌ ቤታችን ተቀምጧል» አልኩ። «ተቀምጦ የሚነሳ የለም። ልጃችን ልጃችሁ ናት።»

መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ሳቅ ፈነዳ። ብርቄ ለአፍታ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ከዚያ ዳንቴሉን እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው። የላይኛው ፎቅ ተቀበላት፣ የታችኛውም ተቀበላት። በብሎካችን በአንድ ቀጠሮ ያለቀ ሽምግልና ተሰምቶ አይታወቅም። ለስላሳው ተከፈተ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጋሽ ዘርጋውም ሦስት ዙር ተጫወቱ። ብርቄ ከኋላቸው ቆማ ዛፍ ስትጠቁማቸው ነበር።

እኔ ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ለስላሳዬን ሳነሳ፣ ጋሽ ዘርጋው ብድግ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ።

«ሌላ ጉዳይ አለኝ» አሉ። «ይሄ ካልተፈጸመ አልቀመጥም።»

ጉዳዩ ይህ ነው። እሳቸውም ቤት እንደዚሁ ያለ ማሽን አለ። ሲዲያቸው ተሰብሯል። ማሽኑም በተከፈተ በአምስት ደቂቃው ድርግም ይላል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለም ለልዋጭ ሊሰጡት ቆርጠዋል። ሲዲው ይባዛልኝ፣ ከቻላችሁም ሽማግሌ ሆናችሁ ባለቤቴን ለምኑልኝ፣ እኔን መስማት ትተዋለች አሉ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያዘ። ያንን እንባ አውቀዋለሁ፤ ሰኞ ዕለት የእኔም ዓይን ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ ሲዲውን ኪሴ ከትቼ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። ብርቄ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ «አንተ መናገር አትችልም፣ እኔ እናገራለሁ» ብላ። ወይዘሮ አስካለ በደስታ ተቀብለው ቁጭ በሉ አሉን። ሳሎናቸው ጥግ ላይ ያ ጀርባ ረዥም ሞኒተር ከእግር እስከ ራሱ ለብሶ ተቀምጧል፤ ጥልፉም ከእኛ ቤቱ ይበልጣል። ጋሽ ዘርጋው በሩ ጋ ቆመው በጭንቀት ያዩናል። ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እኔም ከጎኗ ቆምኩ።

«አንቀመጥም» አለች ብርቄ። «መጀመሪያ ይሄን ልብስ አውልቁለት። ማሽን እኮ ይታፈናል፤ እንዴት እስከዛሬ ይሄ አይታወቅም?»