የጋሽ መኮንን ጆሮ

እንደ ሌላ ሰው ኃጢአት የሚያነቃቃ ነገር የለም። አንድ የታወቀ ሰው ሲያጭበረብር ተያዘ ሲባል፣ ሁላችንም ወገባችንን ቀና፣ ድምፃችንን ወፈር አድርገን ድንገት የአሥርቱ ትእዛዛት ዘበኞች እንሆናለን። እኔም ከዘበኞቹ አንዷ ነኝ። ነበርኩ ልበል።

በዚያ ዓመት፣ ጳጉሜ ልትገባ ስትል፣ አንድ የቤዝቦል ቡድን ምልክት ሲሰርቅ ተገኘ ተባለ። ቤዝቦል ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ፤ እኔም ያወቅሁት ትናንት ነው። ኳስ የሚወረውር ሰው አለ። ፊት ለፊቱ ዱላ ይዞ የሚጠብቅ መቺ አለ። ከመቺው ኋላ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀበል አለ። ይህ ቁጢጥ ያለው ሰው በጉልበቶቹ መካከል ጣቶቹን እያሳየ ወርዋሪውን አሁን ፈጣን፣ አሁን ጠማማ ይለዋል። መቺው ጀርባውን ስለሰጠ አያይም፤ ማየትም የለበትም። ያ ቡድን ታዲያ ምን አደረገ? አንዱ ጓዳ ተቀምጦ ምልክቱን ከቪዲዮ ያያል፣ ለሌላው የእጅ ሰዓት መልእክት ይልካል፣ ባለ ሰዓቱ ለተጫዋቾቹ ሹክ ይላል። ሰዓት ሰዓት መቁጠሩን ትቶ ሰላይ ሆነ።

ዜናው በተሰማ ማግስት እኛ የባሕር ማዶ ሐበሾች ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የእታለም ምግብ ቤት ተሰብስበን ፈረድን። ታክሲ የሚነዳው ዳዊት፣ “ሶ፣ እስከ ዛሬ ያሸነፉት ሁሉ ካንስል ይደረግ፣ ይሰረዝ!” እያለ ጠረጴዛውን መታ። ከሁሉም በላይ የጮህኩት ግን እኔ ነበርኩ። ሰው እንዴት ዕድሜውን ሙሉ የደከመን ሰው በመሣሪያ ያታልላል? ኅሊና የሚባል ነገር የት ሄደ? እያልኩ ስንጎራደድ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ባዶ ወንበር ላይ አረፈና ቁጭ አልኩ። ወንበሩ የጋሽ መኮንን ነበር። ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያውም በመሣሪያ።

ጋሽ መኮንን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው፣ ዕድሜያቸውን በፓርኪንግ ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከዚያች ከጠባብ የፓርኪንግ ዳስ ሳይወጡ ቤዝቦልን እንዴት እንዲህ እንደተካኑበት ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ግራ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ ገመዱ በአንገታቸው ወርዶ ደረት ኪሳቸው ውስጥ የሚገባ የድሮ ዓይነት። ስለዚህ ለእሳቸው መጮህ ደንባችን ነው። እንደምን ዋሉ ጋሼ! ስንላቸው ማዶ የሚሄዱ ሰዎች ዘወር ይላሉ።

በእታለም ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጨዋታ ካለ፣ ትንቢት ይነገራል። ወርዋሪው ክንዱን ሳያነሳ እያንዳንዱ ሰው የሚሆነውን ይናገራል፤ ይመታል፣ ይስታል፣ አየር ላይ ይያዛል። ብዙ ያወቀ ያን ወንበር ይይዛል። ጋሽ መኮንን ከአሥር ሰባቱን ያውቃሉ። ምሥጢሩ ምንድን ነው ሲባሉ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ቤዝቦል ማለት የሰው ልብ ማንበብ ነው ይላሉ። ስማቸውም አሰልጣኙ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ እሑድ እኔም ደፍሬ ይመታል አልኩ። አልተመታም። ጋሽ መኮንን ዞር ብለው፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ “ሰብልዬ፣ ይኼ በርበሬ መመዘን አይደለም፤ ጭንቅላት ይጠይቃል” አሉኝ። በርበሬ ሻጯ እኔ ነኝ፤ የቅመም ሱቄ ከእታለም ቤት ጎን ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ፣ በጆሯቸው ተማምኜ፣ “ደረቅ ሽማግሌ! ከነወንበሩ ይቀበር እንደሆነ እናያለን” አልኩ። ቀስ ብዬ ነው። ጨዋ ሰው ነኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰይጣን ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ። ሱቄ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ አለችኝ። ጨዋታውን እያወራች ሳለ መቺው ኳሱን ከአጥር ውጭ ላከው ብላ ጮኸች። ዘግቼ እታለም ቤት ስገባ፣ ያው መቺ ገና ዱላውን እያወዛወዘ ቆሟል! ቆይቶ፣ ቆይቶ መታው። እታለም ኬብሏን አስቆርጣ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ካገናኘች ወዲህ ሥዕሉ ከሬዲዮው ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል ለካ። እኔ የበርበሬ ነጋዴዋ ወደፊቱን አይቼ ገባሁ ማለት ነው። ሙሴ እንኳ ይህን ያህል አልተመቸውም።

ከዚያስ? በሳምንቱ ሬዲዮዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ማዳመጫዋን በሻሼ ሥር ሸጎጥኩ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አሥር ተናገርኩ፤ አሥሩም ሆነ። እታለም ወጧን ጥላ ከጓዳ ወጣች። ዳዊት ዘንድሮ ማንን አግባ ተብሎ እንደተወሰነለት ጭምር እንድነግረው ለመነኝ። ጋሽ መኮንን ግን ያን ቀን አንድም አላወቁም። ጆሯቸውን ነካ ነካ፣ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ ያደርጋሉ፤ ከድንጋጤ መሰለኝ። ዳዊት ደግሞ አይተውም፣ “ጋሼ! ዛሬ የማንን ልብ ነው የሚያነቡት?” ብሎ ጮኸባቸው። ተነሡ። ወንበሩን በእጃቸው አሳዩኝና ኮታቸውን ይዘው ወጡ። ተቀመጥኩበት። ስለዚያ ወንበር የምነግራችሁ ቢኖር አንዱ እግሩ አጭር መሆኑን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጡም። እታለም ብትደውልላቸው፣ “አእምሮዬ ከድቶኛል፤ ከእንግዲህ ቤቴ ብቀመጥ ይሻላል” አሏት። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሰው ጋር ቀርበው የሚበሉት ያችን እሑድ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ብቻቸውን ናቸው። ታዲያ እኔ የማን ልጅ ነኝ? አንድ ሽማግሌ ያለችውን አንዲት ማዕረግ ገፍፌ፣ የሰው ሰዓት እወቅሳለሁ!

ይህን ይዤ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር አልቻልኩም። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዳቦ ይዤ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ወዳለው አፓርታማቸው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ንግግሬን አሥር ጊዜ አጠናሁት። በሩን ሲከፍቱ የመስሚያ መሣሪያቸውን አላደረጉም፤ ስለዚህ ካጠናሁት ሁሉ አስኳሉን ብቻ መርጬ ባለ በሌለ ድምፄ፣ “ጋሼ! የመጣሁት ስለ ሬዲዮው ነው!” አልኩ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡኝና በሩን ዘጉ።

“ቀስ በይ እንጂ፣ ጎረቤት ይሰማል! ለማን ለማን ነገርሽ?”

እኔ ደግሞ ለማን ነው የምነግረው? የራሴን ጉድ! ዳቦዬን አቅፌ ግራ ገብቶኝ ሳያቸው የባሰ ፈሩ። “ባትሪው ባይሞትብኝ ኖሮ ዕድሜ ልክሽን አታውቂም ነበር” አሉ። እጃቸው ወዳመለከተው ጠረጴዛ ዞርኩ። የመስሚያ መሣሪያው ተቀምጧል። ገመዱ የሚገባው አንዲት ትንሽ የኪስ ሬዲዮ ውስጥ ነው።

ለካ ጆሯቸው እንደ ድመት ጆሮ ነው! በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ዓመታቸውን ሙሉ ያዳምጧት የነበረችውን ሬዲዮ ጡረታ ሲወጡም አልለዩዋትም። አንድ ቀን እታለም ምነው ጋሼ፣ ጆሮዎን አመመዎት? ስትላቸው፣ ምግብ ቤት ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማለሁ ማለት አሳፍሯቸው አዎ አሉ። “ከዚያ ወዲህ ትጮሁብኛላችሁ” አሉኝ፣ “ጤነኛውን ጆሮዬን ያደነቆራችሁት እናንተ ናችሁ።” እታለም ኬብሏን ስታስቆርጥ ደግሞ የነቢይነት ጸጋ ሳይፈልጉት ወረደባቸው።

የተሸሸጉትም ባትሪው በሞተ ቀን ነቃችብኝ፣ ልታጋልጠኝ ነው ብለው ነው። እኔ እሳቸውን ገደልኩ ብዬ፣ እሳቸው በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው ብለው፣ ሁለት ሌቦች በየቤታችን ተንቀጥቅጠን ከረምን። የእኔን ጉድ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ተቆጡ። ስለ ሌብነቱ መሰላችሁ?

“አሥሩን በአሥር! ነውር አይደለም? እኔ ሦስቱን ሆን ብዬ እስታለሁ።”

የሰዓቱንም ዜና ሰምተዋል፤ ያፈሩት ግን ስለ ተጫዋቾቹ ሞኝነት ነው። እጅ ላይ ያለን ነገር ማንም ያየዋል፤ የታመመ ጆሮ ግን ማን ይፈትሻል? አሉኝ። ከዚያ ዳቦውን እየቆረሱ፣ ቀስ ብለው፣ “‘ደረቅ ሽማግሌ’ ያልሽኝን ግን አዲስ ዓመት ስለሆነ ይቅር ብዬሻለሁ” አሉ። 

ለቤቱ ሁሉ እንናዘዝ ብዬ ነበር። ጥሩ ነው፣ በዓሉን አናበላሽ፣ ለመስቀል ይሁን አሉ። ለመስቀል ደግሞ የምንደግፈው ቡድን ገና ጨዋታ ስለነበረው ሰው መረበሽ አልፈለግንም።

እሑድ ተመለሱ፤ እኔም ከወንበሩ ተነሣሁ። እታለም እልል አለች። አሁን እሳቸው ከአሥር ሰባት፣ እኔ አራት እናውቃለን፤ ተስማምተን ነው። እዚያ ቤት ገብታችሁ፣ አንዲት ሴት ለሽማግሌው በጆሯቸው ሥር “ጋሼ! ይሰማዎታል?” እያለች ስትጮህ ካያችሁ፣ እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት እንዳትሉ። ቦርሳዋ ውስጥ የእሳቸውን መለዋወጫ ባትሪ የምትይዘው እሷ ናት።