ከፊሽካው በኋላ ማን ይቅደም?

እኔ በቴሌቪዥን ኳስ ሳይ ጨዋታው ብዙም አያስጨንቀኝም። ማን አገባ፣ ማን ሳተ የሚለውን ለልጆቼ ትቼዋለሁ። እኔ የምጠብቀው የመጨረሻዋን ፊሽካ ነው። ፊሽካው ይነፋል፣ ሁለቱ አሰልጣኞች ይጨባበጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፣ አለቀ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ያን ጊዜ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ እሰጣለሁ። ልጆቼ «አባባ ደግሞ ምን ሆነ?» ይላሉ። ምን ልበላቸው? በሁለት ሰከንድ የሚያልቅ ነገር እኛን ኮልፌዎችን ሜዳ አሳጣን ልበል?

ልበል እንጂ። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ልጆቼ እንደሆኑ አይሰሙኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ያኔ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። ከጦር ኃይሎች ወደ እኛ ስትመጡ አስፋልቱ ያልቅና ጭቃው ይረከባችኋል። በዚያ ጭቃ መሀል አንዲት ሜዳ ነበረችን። «ነበረችን» ስል እንዳትሳሳቱ፤ የኛ አልነበረችም። የአንዲት ትልቅ ወይዘሮ ርስት ነበረች። መሬቱ የእሳቸው፣ ሣሩ የበጎቻቸው፤ እኛ በጎቹ ጠግበው ሲወጡ የምንገባ ተረኞች ነን። ወይዘሮዋን በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም። የምናውቀው ወኪላቸውን አቶ ባንቴን ነው። በበቅሎ ይመጣሉ፣ በበቅሎ ይሄዳሉ። ከበቅሏቸው ሲወርዱ ያየ ሰው አልነበረም።

እኔ የኮልፌ ግራ ተከላካይ ነበርኩ። ያለዚያች ሜዳ ምንም አልነበርኩም። አትሳቁ! በትምህርት ሰነፍ፣ በንግድ ቀሽም፣ በመልክም ያው እንደምታዩኝ። እሁድ ከሰዓት ግን ሰው ስሜን ይጠራው ነበር። ስሙ የሚጠራበት አንድ ቦታ እንኳ የሌለው ሰው፣ አለ ይባላል?

አሰልጣኛችን ጋሽ ዘርጋ ነው። ቤተሰቡ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ ከተተከሉ ቆይተዋል፤ እሱ መርካቶ ብትን ጨርቅ ይሸጣል። ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ ግን ሜዳውን እንደ ጨርቁ በክንዱ ለክቶት ነበር። የአስኮዎቹ አሰልጣኝ ደግሞ አስር አለቃ ደምሴ፣ የጎጃም ልጅ፣ ከጦሩ በጡረታ የወጣ ሰው። ተጫዋቾቹን ሜዳ የሚያስገባቸው በሰልፍ ነው። ጋሽ ዘርጋን በአስር ዓመት ያንሰዋል። ይህቺን ዕድሜ ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

በኛና በአስኮዎች መሀል አንድ ደንብ ነበር። ፊሽካ ሲነፋ የተሸነፈው አሰልጣኝ ሜዳውን አቋርጦ ይሄድና ያሸነፈውን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል። በቃ ይሄው ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ጥሩ ደንብ ነበር።

አንድ እሁድ አንድ ለዜሮ ረታናቸው። በሪጎሬ። ሪጎሬው ሪጎሬ ነበር ወይ? ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቼ አልዋሽም፤ አልነበረም። ልጃችን የወደቀው በገዛ ጫማው ማሰሪያ ተጠልፎ ነው። ዳኛው ግን ነፋ፣ እኛም ዝም ብለን መታን፣ ገባ። ጨዋታው ሲያልቅ አስር አለቃ ደንቡን አላፈረሰም። እየተናደደም ቢሆን ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ጋሽ ዘርጋ መዳፉን ዘረጋለት። አስር አለቃ ግን መዳፉን ትቶ የእጁን አንጓ ሰጠው።

አንጓ መስጠትን መቼም ታውቃላችሁ። እጃችሁ ወጥ ሲነካው ወይ ሲቆሽሽ፣ ሰው ላለመበከል አንጓችሁን ትሰጣላችሁ። ጨዋነት ነው። ጥያቄው፣ የአስር አለቃ እጅ ቆሽሾ ነበር ወይ ነው። አስኮዎች ኳሷን ከጭቃ አንስቶ ነበር ይላሉ። እኛ ደግሞ ጧት እንደታጠበው ነበር እንላለን። ጋሽ ዘርጋ አንጓውን እንደያዘ አየት አደረገውና፣ እጅህ ምን ነክቶት ነው፣ ወይስ የኔን ሊነካ ሲል ነው የቆሸሸው አለው። አስር አለቃም፣ እንዲያውም ያንተ እንዳይጋባብኝ ብዬ ነው አለ። ከዚያ ማን ማንን እንደመታ አላውቅም፤ እኔን የመታኝን ብቻ ነው የማውቀው። የወይዘሮዋ አጥር ግማሹ ተነቅሎ ዱላ ሆነ።

በማግስቱ አቶ ባንቴ በበቅሏቸው ከች አሉ። እመቤቴ ሰምተዋል አሉ። በሚቀጥለው ግጥሚያ ሁለቱ አሰልጣኞች እንደ ሰው ተጨባብጠው ካልተለያዩ መሬቴን ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ ብለዋል፤ እኔም መጥቼ አይቼ እነግራቸዋለሁ። ይህን ብለው በቅሏቸውን አዞሩ።

እስቲ ፍረዱ፤ ሴትዮዋ ግብር ክፈሉ አላሉ፣ ሜዳውን ልቀቁ አላሉ። አንድ ጊዜ ተጨባበጡ ነው ያሉት! ይሄ ይከብዳል?

ያኔ ነው እኔ ብልጥ የሆንኩት። ሽማግሌ እንጥራ አልኩ። ሰፈሩ ሁሉ ጎሽ አለኝ። ግራዝማች ወልዴ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ስንቱን የድንበር ጸብ ያበረዱ። ኳስ ግን አይተው አያውቁም። ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ አመጣኋቸው። ወንበር ተደርጎላቸው ዳር ላይ ተቀመጡ። ያ ዳኛ የሚባለው ሰው ምስክር ሳይሰማ በፊሽካ ብቻ ሲፈርድ አይተው፣ እንዲህ ከሆነማ መጣላት ሲያንሳቸው ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጨዋታው ተጀመረ፣ አለቀ። ሁለት እኩል።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ በኛ ላይ የደረሰው ግን ያልፈራነው ነው። እኛ ሁሉን አስበን ነበር። ከተሸነፉ የነሱ ይመጣል፣ ከተሸነፍን የኛው ይሄዳል። አቻ ከወጣንስ? ይህን ያሰበ አንድ ጭንቅላት እንኳ በኮልፌ አልተገኘም።

ጋሽ ዘርጋ በኛ በኩል ቆመ። አስር አለቃ በነሱ በኩል ቆመ። አቶ ባንቴ በቅሏቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ወደ ጋሽ ዘርጋ ሮጥኩና፣ ጋሼ በናትህ ሂድለት አልኩት። ልጄ፣ ታናሽ ወደ ታላቁ ይመጣል እንጂ ታላቅ ወደ ታናሹ ሲሄድ የት አየህ አለኝ። እውነቱን ነው። ሜዳውን አቋርጬ ወደ አስር አለቃ ሮጥኩ። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ባለቤት ተነስቶ እንግዳውን ይቀበላል እንጂ እንግዳ እየዞረ ተቀበሉኝ ይላል ወይ አለኝ። እሱም እውነቱን ነው! ሰው ሲሳሳት ይመከራል፤ ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ምን ይደረጋል? ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። በጨዋታው እንኳ ያን ያህል አልሮጥኩም። አቶ ባንቴ የበቅሏቸውን ልጓም ማስተካከል ጀመሩ።

ይሄኔ ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሱ። «አምጧቸው መሀል! በአንድ ፊሽካ እኩል ይራመዱ!» አሉ። ዳኛው ነፋ፤ ሁለቱም እግር ቆጥረው ተራምደው መሀል ላይ ተገናኙ። ግራዝማች፣ መጀመሪያ ድንጋይ ይሸከሙ አሉ። በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቀው ጥፋተኛው ነው፤ አቻ ስለወጡ ሁለቱም ይሸከሙ ተባለ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? በዚያ ጭቃ ላይ ያሉት ድንጋዮች ጎሎቻችን ብቻ ነበሩ፤ ሁለት እዚህ፣ ሁለት እዚያ። ከየጎሉ አንድ አንድ ተነሳ። ጋሽ ዘርጋ የአስኮን ግማሽ ጎል፣ አስር አለቃ የኮልፌን ግማሽ ጎል ማጅራታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ድንጋዩ ወረደ። ተጨባበጡ፤ መዳፍ ለመዳፍ! ተሳሳሙ። አስር አለቃ አለቀሰ። ጋሽ ዘርጋ አለቀሰ። እኔንማ ተዉኝ። አቶ ባንቴ እንኳ ከበቅሏቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ። ግራዝማች ግን ገና አልጨረሱም። እርቅ ያለ መሐላ አይጸናም ብለው ለባላንጣ የሚያስምሉትን መሐላ አወጡ። ከዛሬ ወዲያ ፊት ለፊት ላትቆሙ፣ አንዱ ሌላውን ላሸንፍ ላይል፣ ሰው አስከትላችሁ ላትጋጠሙ ማሉ አሏቸው። ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ማልን አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ምን እንደማሉ የገባን በሚቀጥለው እሁድ ነው። ማሊያችንን ለብሰን ቆመናል፤ አስኮዎች የሉም። ጋሽ ዘርጋ ቤት ብሄድ፣ ምያለሁ አለኝ። እሺ ሌላ አሰልጣኝ እናድርግ ብዬ ግራዝማች ዘንድ ሮጥኩ። መሐላው ለተከታዮቹም ነው፤ መሐላ ኮት አይደለም፣ ሲሞቃችሁ አታወልቁትም አሉኝ። ሌላ ቡድን አትፈልጉም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የጦር ኃይሎቹ ልጆች የተከረከመ ሜዳ እያላቸው እኛ ጭቃ ውስጥ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? የነበረን አስኮ ነው። ጠላትም ቢሉት እሱ ብቻ ነበር።

ሦስት እሁድ ሜዳዋ ባዶዋን ዋለች። በአራተኛው አቶ ባንቴ መጡ። በዚህኛው አልወረዱም። እመቤቴ እርቁን ሰምተው ደስ ብሏቸዋል አሉ፤ ግን ጨዋታው ከቀረ መሬቱ ለምን ሥራ ይፈታል፣ ቅዳሜ ችግኙ ይተከል ብለዋል።

ሁለቱን አሰልጣኞች እየዞርኩ ለመንኩ። አብራችሁ ሄዳችሁ ለወይዘሮዋ አልቅሱ፤ አብሮ መሄድ መጋጠም አይደለም አልኳቸው። እሺ አሉ። አርብ ጧት ከወይዘሮዋ ደጅ ደረስን። ዘበኛው፣ ቶሎ ግቡ፣ ሊወጡ ነው ብሎ በሩን ከፈተልን። ጋሽ ዘርጋ፣ ግባ አለ። ኧረ በፍጹም፣ ታላቄ ነዎት፣ ይቅደሙ አለ አስር አለቃ። ከእርቁ ወዲህ አንተ ማለቱን ትቷል። የለም፣ አንተ የሩቅ ሰው ነህ፣ ከአስኮ ድረስ ነው የመጣኸው አለ ጋሽ ዘርጋ። እኔ ሞቼ ነው ከእርስዎ የምቀድመው! በሞቴ ግባ ስልህ! አንዱ የአንዱን ክንድ ይዞ ይጎትታል። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ሁለቱንም ገፍቼ ላስገባቸው ነበር፤ ግን ታላቆቼ ናቸው፣ እንዴት ብዬ ልግፋ?

የመኪና ጡሩምባ ሰማን። ጥቁር መኪና ከግቢው ወጣ። ሁለቱም ዳር ይዘው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ወይዘሮዋ ወደ ገጠር ርስታቸው ሄዱ፣ ከክረምት በፊት አይመለሱም አለ ዘበኛው። በሩንም ዘጋው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላሉ። ውሸት! የኛ ሣር ሲጣሉ ለምልሞ ኖሮ፣ ሲታረቁ ነው የጠፋው። ባሕር ዛፉ አደገ፣ ተቆረጠ፣ የሰው ቤት ማገር ሆነ። ሁለቱም አሰልጣኞች እስኪሞቱ ድረስ ተዋደው ኖሩ። ሽማግሌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በቀደም ዕለት የሰፈሩ ወጣቶች ቤቴ መጡ። ሁለት አሰልጣኞቻችን ከጨዋታ በኋላ አንጨባበጥም ብለው ተኮራርፈዋል፤ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ያስታርቁልን አሉኝ።

ሜዳ አላችሁ አልኳቸው። አለን አሉ። እየተጫወታችሁ ነው? አዎ፣ በየእሁዱ።

«እንግዲያው ተዉአቸው! አደራ፣ ማንም እንዳያስታርቃቸው!» አልኩ።

ግራ እንደገባቸው ተነሱ። ሲሰናበቱ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አንጓዬን ሰጠኋቸው።