ዋጋ የሌለው ግዥ

ነፃ ነገር ስታገኙ የሚቀድማችሁ ደስታ ነው ወይስ ጥርጣሬ? እኔን ጥርጣሬ ይቀድመኛል። ባጃጅ ውስጥ የማላውቀው ሰው «ተከፍሎልሃል» ቢለኝ፣ ከማመስገኔ በፊት ፊቱን አጠናለሁ። መሥሪያ ቤት ደግሞ ከእኔም ይብሳል። ይህን ያወቅሁት ቢቸና ውስጥ በአንድ የልማት ድርጅት የመረጃ ሠራተኛ ሆኜ ነው።

ሥራችን የመንደር የውኃ ፓምፖችን ማስጠገን ነው። የትኛው ይሠራል፣ የትኛው ቆሟል የሚለውን እኔ ቢቸና ላይ በኤክሴል እይዛለሁ፤ ከደሴ ተመድቦ የመጣው ባልደረባዬ ከድር ደግሞ ሞጣ ቅርንጫፍ ሆኖ እነዚያኑ ፓምፖች በራሱ ኤክሴል ይይዛል። ፋይሎቻችን እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ነበሩ። አይነጋገሩም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ይርገዱ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ካለች መንደር መጡ። የመንደሯ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ፓምፓችን ከቆመ ከረመ። የወንዝ ውኃ እየጠጣን ልጆቹን ሆዳቸውን እያመማቸው ነው» አሉኝ።

ኮምፒውተሬን አየሁና «እናቴ፣ እዚህ ላይ ተጠግኗል ይላል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከዚያው ቅዳልን» አሉ፣ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እያመለከቱ።

አፍሬ ለከድር ደወልኩ። እሱ ጋ «ተበላሽቷል» ይላል፤ መለዋወጫውም ሞጣ መጋዘን ቁጭ ብሏል። ቴክኒሻኑ ግን የሚሰማራው በእኔ ፋይል ነው። በማግሥቱ ላክነው፤ የወይዘሮ ይርገዱ ፓምፕ ተሠራ። ለእኛ ግን እንቅልፍ የለም። እንደ እሳቸው ቢሮ ድረስ ያልመጡትስ?

ሁለታችንም የምንጽፍበት አንድ ዳታቤዝ ፍለጋ ጀመርን። የሚሸጠው ዋጋው አይቀመስም። «ነፃ» ከሚሉት አንዱ ነፃነቱ ለአንድ ወር ብቻ ነው፤ ሌላው ነፃ ነኝ እያለ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ አንደኛው ደግሞ «ደብረ ወርቅ» ብዬ ስጽፍለት ባዶ ሣጥኖች ደርድሮ መለሰልኝ። በመጨረሻ ከድር አንዱን አገኘ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ አማርኛ ያውቃል፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ኔትወርክ በመጣ ጊዜ ደግሞ የሁለቱን ቢሮ መረጃ ያገናኛል። በፍላሽ ይዞት ቢቸና መጣ።

የቀረን የግዥና ንብረት ኃላፊው የአቶ ሙላት ፊርማ ነበር።

«ስንት ነው?» አሉ።

«ነፃ ነው።»

«ይሁን። የሦስት ድርጅት ፕሮፎርማስ?»

«ጋሽ ሙላት፣ የሚሸጥ አይደለም እኮ።»

«የማይሸጥ ነገር እንዴት አድርጌ ልግዛ? ኦዲተሩ ከየት አመጣችሁት ሲለኝ ምን እላለሁ?»

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠንቃቃ ናቸው። የወይዘሮ ይርገዱን ነገር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ያደጉት በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ወንዙን ያውቁታል።

«ስጦታ እንበለው» አሉ። «ስጦታ ፕሮፎርማ አይጠይቅም። ግን ንብረት ክፍል ገቢ መደረግ አለበት። አምጣና ልየው።»

ሶፍትዌር እንዴት ይታያል? ከድር ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አቶ ሙላት አገላብጠው አዩት፣ የንብረት ቁጥር ለጠፉበት፣ ፈረሙ። ሶፍትዌሩን ኮምፒውተሮቹ ላይ ጭነን ፍላሹን መለስንላቸው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ ስናስገባ እኔ «ተጠግኗል» ከድር «ተበላሽቷል» ያልንባቸው መንደሮች ተራ በተራ ወጡ። ጥቂት አልነበሩም። ቴክኒሻኑ ሞተር ብስክሌቱ ላይ እንደወጣ በጋው አለቀ፤ ክረምቱ ሲገባ ግን በእኛ ስህተት ደርቆ የቀረ ፓምፕ አልነበረም። አቶ ሙላትም ሶፍትዌሩን ወደዱት፤ የቢሮውን ወንበርና ጠረጴዛ ሳይቀር በእሱ ይመዘግቡ ጀመር።

ሐምሌ ላይ የንብረት ቆጠራ መጣ። አቶ ሙላት ቁም ሣጥኑን ከፍተው ፍላሹን አወጡና ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ።

«ይኼ ስጦታ ከገባ ጀምሮ ወጪ አድርጉልኝ ያለ አንድም ሰው የለም» አሉ በቅሬታ። «ያን ያህል ለፍተን!»

ከዚያም በዚያው ሶፍትዌር ላይ፣ በሁለት ጣታቸው፣ እየተጠነቀቁ ጻፉ፦ «በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ፤ አገልግሎት ያልሰጠ።»

ከድር ሊናገር አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥኩት።